«አልማዝ ሁለት ወንድሞች አሏት»፦ ባለቤቱ ማን ነው?

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ሰሞኑን እንቅልፍ ነስቶኛልና ልጠይቃችሁ።

ልጄ ስድስተኛ ክፍል ናት። ማክሰኞ ማታ የአማርኛ ደብተሯን ይዛ አጠገቤ ቁጭ አለች። መልመጃው «ባለቤቱ ላይ አስምሩ» ይላል። አምስተኛው ዓረፍተ ነገር «አልማዝ ሁለት ወንድሞች አሏት» ነው። ልጄ «ወንድሞች» ላይ አስምራለች። በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ገብቶባታል። ጎኑ ላይ «ባለቤት መጀመሪያ ይመጣል» የሚል ማስታወሻ አለ።

ለምን «ወንድሞች» ላይ እንዳሰመረች ጠየቅኳት። ግሱ «አሉ» ስለሚል ነው አለችኝ። አልማዝ አንድ ሰው ናት፣ «አሉ» የሚባለው ደግሞ ለብዙ ነው። መልስ አጣሁ። ልጅቷ ልክ ናት!

እስቲ እናንተም ሞክሩት። ወንድሞቹን አውጡና እህት አስገቡ፦ «አልማዝ እህት አለቻት»። የግሱ ፊተኛ ክፍል ተቀየረ። አሁን አልማዝን አውጡና ከበደን አስገቡ፦ «ከበደ እህት አለችው»። አሁን የተቀየረው ጅራቱ ነው። «መጣች፣ መጡ» ስንል ባለቤቱን የሚነግረን ያ ፊተኛው ክፍል ነው። እዚህ ደግሞ እሱ የሚከተለው እህትን እንጂ አልማዝን አይደለም። እንግዲህ የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ባለቤትነት የቦታ ጉዳይ አይደለም። መጀመሪያ የሚቀመጠው ወሬው ስለ እሱ የሆነው ነው። ባለቤቱን የሚያውቀው ግሱ ነው።

ጥያቄዬ፦ በሌሎች ቋንቋዎችስ እንዴት ነው? ባለቤት የግድ መጀመሪያ ነው? ሌላ ቋንቋ የምታውቁ አስተምሩኝ።

ይህን የለጠፍኩት ረቡዕ ጠዋት ነው። እስከ እሑድ ማታ 34 መልስ መጣ። ዘግይቶ ለሚገባ ሰው ሁሉንም ማንበብ ስለሚከብድ፣ የተባለውን እንደ ቁጥሩ በራሴ አነጋገር ልንገራችሁ። አንዳንዱን አሳጥሬዋለሁ። አንዳንዱ ላይ ደግሞ ቆም ብያለሁ፣ ምክንያቱም አስተሳሰቤን የቀየረው እዚያ ነው።

ቁጥር 1 ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው። በጨዋ ቋንቋ ጀመሩ። መምህሯን አትቆጣ አሉኝ። «ባለቤት መጀመሪያ ይመጣል» የሚባለው ለጀማሪ ነው፤ «ልጁ ዳቦ በላ» ዓይነቱ ላይ ይሠራል። ችግሩ ልጆቹ አድገው ደንቡ አብሯቸው አለማደጉ ነው። ከዚያ ቃሉን ራሱ አስታወሱኝ። ባለቤት ማለት የቤቱ ጌታ ነው፤ የቤቱ ጌታ የግድ በር ላይ አይቆምም፤ ጓዳም ሊሆን ይችላል፤ እንግዳ የሚለየው ቤተሰቡ ለማን እንደሚታዘዝ አይቶ ነው። በዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚታዘዘው ግሱ ነው ብለው ዘጉ። ይቺን ለልጄ አነበብኩላት።

ቁጥር 2 ግን ወዲያው ተቃወመ። ዓረፍተ ነገሩ ስለ አልማዝ ነው፤ ባለቤቷም አልማዝ ናት፤ የቀረው ፍልስፍና ነው አለ። ሁለት መስመር ብቻ ነው የጻፈው። ግን እስከ መጨረሻው ድረስ ሰው ሁሉ ወደ እሱ ይመለስ ነበር።

ቁጥር 3 ላይ የቋንቋ ጥናት ተማሪ የሆነች ልጅ ቁጥር ይዛ መጣች። የቋንቋ ተመራማሪው ጆሴፍ ግሪንበርግ እ.ኤ.አ. በ1963 ሠላሳ ቋንቋዎችን አወዳድሮ ነበር። የመጀመሪያው ግኝቱ ባለቤቱና ተሳቢው ሁለቱም ስም ሲሆኑ ባለቤት ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከተሳቢ ይቀድማል የሚል ነው። በኋላ ሌላው ተመራማሪ ማቲው ድራየር የቋንቋዎችን ጠባይ በካርታ በሚያሳየው የዓለም ቋንቋዎች መዋቅር አትላስ ላይ 1,376 ቋንቋዎችን አሰፈረ። 564ቱ እንደ አማርኛ ባለቤት፣ ተሳቢ፣ ግስ ብለው ይሄዳሉ። 488ቱ እንደ እንግሊዝኛ ግሱን መሀል ያደርጋሉ። 95ቱ በግስ ይጀምሩና ባለቤትን ያስከትላሉ። ተሳቢን ከባለቤት የሚያስቀድሙት ሦስቱ ዓይነቶች ተደምረው 40 ብቻ ናቸው። የቀሩት 189 አንድ የሚያዘወትሩት ቅደም ተከተል የላቸውም።

ስለዚህ መምህሯ ባዶ ሜዳ ላይ አልቆመችም። ባለቤት በብዙ ቦታ ቀደም ማለት ይወዳል። ግን ተማሪዋ አንድ ነገር አሰመረችበት፦ ይህ ልማድ እንጂ ትርጉም አይደለም። ባለቤቱን መጀመሪያ በሌላ ምልክት ካላወቅነው፣ የት እንደቆመ መቁጠርም አንችልም። ይህ ዓረፍተ ነገር ለእኔ ብዙ አጸዳልኝ።

ቁጥር 4 እንግሊዝኛን ይዞ መጣ። በእንግሊዝኛ «ውሻው ሰውየውን ነከሰው» የሚለውን ሁለት ስሞች ቦታ ብታለዋውጥ ነካሹ ሰውየው ይሆናል። ምልክቱ ቦታው ራሱ ነው። በአማርኛ ግን «ሰውየውን ውሻው ነከሰው» ብትልም ነካሹ ውሻው ነው። «ን» ስላለች አንጠፋም። የጥንቱ እንግሊዝኛ በስሞች መጨረሻ ላይ ምልክት ነበረው፤ ምልክቱ ሲረግፍ ቦታ ሥራውን ተረከበ። እኔ እንደማስበው የእኛ የትምህርት ቤት ደንብም የእንግሊዝኛን ሰዋስው ካነበበ ሰው እጅ ሳይዞር አልቀረም። ይህ ግምቴ ነው።

አሁን ቁጥር 5። ይህን መልስ ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ጸሐፊው አማርኛ አፉን የፈታበት ነው፣ ለሥራ ወለጋ ሄዶ ኦሮምኛ የተማረ። በመጀመሪያው ወር አንዲት የሥራ ባልደረባው በሩን ከፍታ «ጫልቱን ዱፍቴ» አለችው። እሱ «ጫልቱን» የሚለውን ሰምቶ ጫልቱ ላይ የሆነ ነገር ደርሶባታል ብሎ ደነገጠ። ማን ምን አደረጋት ብሎ ተነሣ። ነገሩ ግን «ጫልቱ መጣች» ብቻ ነበር።

ተመልከቱት! በአማርኛ «ን» የሚለጠፈው ተሳቢው ላይ ነው። በኦሮምኛ የዚያች ሴት ስም ላይ «ን» የተለጠፈው ባለቤት ስለሆነች ነው። ሁለቱም ቋንቋዎች ግስን መጨረሻ ያደርጋሉ። ሁለቱም ጎን ለጎን ስንት መቶ ዓመት ኖረዋል። አንዱ ተደራጊውን ያተማል፣ ሌላው አድራጊውን።

ቁጥር 6 ኦሮምኛ የአፍ መፍቻው የሆነ ሰው ነው። ታሪኩን ወደደው፣ ግን አረመው። «ን» የምትመጣው በረጅም አናባቢ በሚያልቅ ቃል ላይ ነው። ሌላው የራሱ አለው። «ሰውየው መጣ» ሲባል «ነሚቺ ዱፌ» ነው፤ ሰውየውን ሳይ ግን «ነሚቻ» እላለሁ። ያልተነካው ቅርጽ የተሳቢው ነው፤ የሚለወጠው የባለቤቱ ነው። ይህ በዓለም ላይ ብዙ አይገኝም፤ ኦሮምኛ በሚመደብባቸው በኩሽ ቋንቋዎች ግን የተለመደ ነው ብሎ ጨመረ። ቁጥር 5 ተመልሶ አመሰገነው። ውይይት እንዲህ ሲሆን ደስ ይላል።

ቁጥር 7 ከጀርመን ነው። ቤት ውስጥ ልጁ «ሆይተ ጌሄ ኢሽ ኢን ዲ ሹለ» ሲለው ይሰማል። ቃል በቃል ሲሆን «ዛሬ እሄዳለሁ እኔ ወደ ትምህርት ቤት» ነው። በጀርመንኛ በዋናው ዓረፍተ ነገር ግስ ሁለተኛዋን ወንበር አይለቅም። መጀመሪያ «ዛሬ» ከተቀመጠ ባለቤቱ ተነሥቶ ከግሱ ኋላ ይሄዳል። አባትየው ቋንቋውን ሲማር ሁለት ዓመት ያሠቃየው ይህ ነው። ልጁ ግን ሳያስበው ይለዋል።

ቁጥር 8 ላይ አንድ አንባቢ «ግስ» ሳይሆን «ግሥ» ነው፣ በንጉሡ «ሠ» ብለው አረሙኝ። ልክ ናቸው፤ ከዚህ በኋላ «ግሥ» ብዬ እጽፋለሁ። ግን ከ9 እስከ 11 ያሉት መልሶች እዚያው ተጣዱ። ሁለት «ሰ» ምን ያደርጋል የሚል አንድ። ፊደል ከተነካ ታሪክ ተነካ የሚል አንድ። የስልክ ሰሌዳ ላይ «ሥ»ን ለማግኘት ስንት ጊዜ መጫን እንዳለበት የሚያማርር አንድ። ሌላ የውይይት ክር ይገባዋል ብዬ አለፍኩት።

ቁጥር 12 ወደ ጉዳዩ መለሰን። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያለው ዲያቆን ነው። ኦሪት ዘፍጥረትን ከፈተ። በግእዝ «በቀዳሚ ገብረ እግዚአብሔር ሰማየ ወምድረ» ይላል። «ገብረ» ቀደመ፣ እግዚአብሔር ተከተለ። በአማርኛ «በመጀመሪያ እግዚአብሔር ሰማይንና ምድርን ፈጠረ» ነው። ያው ነገር፣ ያው እምነት፤ ግሡ ግን ከፊት ተነሥቶ መጨረሻ ላይ ቁጭ አለ። «ሰማየ» እና «ምድረ» ላይ ያለችው የ«አ» ድምፅ ደግሞ የእኛን «ን» ሥራ ትሠራለች። ስለዚህ በግእዝም ቃላቱን ብታንቀሳቅሳቸው ፈጣሪና ፍጡር አይምታቱም። ዲያቆኑ ይህን ያወቀው በልጅነቱ ከቃል ትምህርት ነው፤ የሰዋስው ስሙን ግን እዚህ ክር ላይ ነው የሰማው።

ቁጥር 13 ከዱባይ ጻፈች፤ ወሎ ቁርአን ቤት የተማረች ናት። በመደበኛው የጽሑፍ ዐረብኛ ቦታ ራሱ ግሡን እንደሚለውጠው አሳየች። ግሡ ከቀደመ «ጃአ አል-አውላድ» ነው፤ በእኛ «መጣ ልጆቹ» እንደማለት። ብዙ ናቸው፣ ግሡ ግን ነጠላ ነው። ባለቤቱን አስቀድመህ «አል-አውላድ ጃኡ» ካልክ ግሡ «መጡ» ይሆናል። ስለዚህ በአንድ ቋንቋ ውስጥ እንኳ ባለቤት የቆመበት ቦታ ግሡ ለእሱ የሚያሳየውን አክብሮት ይወስናል። በሥራ ቦታዋ በምትሰማው የባሕረ ሰላጤው አነጋገር ግን ሰው ባለቤቱን ማስቀደም ያበዛል ብላለች። የእኔ አቋም እዚህ ላይ ትንሽ ተነቃነቀ። ቦታ ምንም አይደለም ማለት አልችልም።

ቁጥር 14 ላይ ነገሩ ከረረ። ጸሐፊው የግእዝ ሥርዓት ንጹሑ ነበር፣ አማርኛ ግን በኩሽ ቋንቋዎች ምክንያት ተበላሸ ብሎ ጻፈ። ቁጥር 15 ተነሣበት። ቁጥር 15 እስከዚያ ድረስ ሁሉንም «እርስዎ» እያለ ነበር የሚጽፈው፤ ለዚህ ሰው «አንተ» አለ። ሚሊዮኖች አፍ የፈቱበት ቋንቋ «ተበላሸ» አይባልም፣ ጎረቤትም በሽታ አይደለም አለው። ቁጥር 14 ተመልሶ በቁጥር 16 ላይ እልህ ያዘው። እሱን አልተርከውም።

ቁጥር 17 ያረጋጋው በማስረጃ ነው። የቋንቋ ተመራማሪው ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1945 የኩሽ ቋንቋዎች እንደ ግእዝና አማርኛ ባሉ የኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋዎች ላይ ያሳደሩትን ተጽዕኖ ጽፏል፤ ግሥ ወደ መጨረሻ መሄዱ ከዚያ ጋር አብሮ የሚነሣ ነው። ግን እኛ ብቻ አይደለንም። በጥንቷ ሜሶጶጣሚያ፣ በዛሬዋ ኢራቅ፣ አካድኛም ሴማዊ ሆኖ ሳለ ግሡን መጨረሻ ያደርግ ነበር፤ ጎረቤቱ ሱመርኛ ግሥን መጨረሻ የሚያደርግ ነበርና። ሁለት ሴማዊ ቋንቋዎች፣ ሁለት ሩቅ ቦታዎች፣ አንድ ዓይነት ጉዞ። እኔ ከቁጥር 15 እና 17 ጋር ነኝ። አያቶቻችን ተጋብተዋል፣ ተገበያይተዋል፣ አብረው አርሰዋል። የዓረፍተ ነገራችን ቅርጽ የዚያ ኑሮ ምስክር ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ጉድለት ማለት ያሳዝነኛል።

ቁጥር 18 ከዚያው ሳይርቅ አንድ የሚያምር ነገር ጨመረ። ግሥን መጨረሻ የሚያደርጉ ቋንቋዎች «ላይ፣ ስር፣ ውስጥ» ዓይነቱን ቃል ከስሙ በኋላ ማድረግ ያዘወትራሉ። ግእዝ ግን ከፊት ነው የሚያደርገው። አማርኛስ? «ከአልጋው ስር»፣ «በጠረጴዛው ላይ»። ከፊትም ከኋላም! አሮጌው በፊት በር አልወጣም፣ አዲሱ በጓሮ ገብቷል። ግሪንበርግ ራሱ በኋላ ስለዚህ የኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋዎች ጉዳይ ለይቶ ጽፏል።

ቁጥር 19 ቨርጂኒያ የምትኖር እናት ናት። ልጇ ስድስት ዓመቱ ነው፣ እዚያው የተወለደ። አያቱ ከጎንደር ደውለው ቤተሰቡን ሲጠይቁት «እኔ ሁለት እህት አለሁ» አላቸው። ነገሩ በእንግሊዝኛ ልክ ነው፤ እዚያ «አለኝ» ለማለት ባለቤቱ «እኔ» ነው። ልጁ መጀመሪያ የመጣውን ባለቤት አደረገው፣ ግሡንም ለእሱ አዘዘው። አያቱ «አለሁ» የምትለዋን ብቻ ሰምተው «ኑርልኝ የኔ ጌታ» አሉ። እናትየው ስልኩን ይዛ አለቀሰች። ለልጇ የቱን ማስተካከል እንዳለባት ጠየቀችን። ቁጥር 1 መምህር ተመልሰው፣ አታርሚው፣ ደጋግመሽ «ሁለት እህቶች አሉኝ» እያልሽ አሰሚው ብለው መከሯት።

ቁጥር 20 የሕክምና አስተርጓሚ ነው፣ እሱም አሜሪካ። አንድ ቀን እሱ ሳይደርስ አንድ ወጣት ዘመድ እንዲያስተረጉም ተደረገ። አሮጊቷ «ሆዴን ቆረጠኝ» አሉ። ወጣቱ ቃል በቃል ተረጎመው። ነርሷ ማን በምን እንደቆረጣቸው ጠይቃ ልብሳቸውን ገልጣ ቁስል ፈለገች። አሮጊቷ ደግሞ ለምን እንደሚገለጡ አልገባቸውም፣ አፈሩ። አስተርጓሚው ሲደርስ ክፍሉ ውስጥ ሦስት የደነገጡ ሰዎች ነበሩ። የቆረጠ ሰው የለም። «ቆረጠ» የሚለው ግሥ «እሱ» የሚል ባለቤት አለው፣ ግን እዚያ ቤት ውስጥ ማንም «እሱ» አልነበረም። ይህን ሳነብ የልጄ መልመጃ ትንሽ ነገር እንዳልሆነ ገባኝ።

ቁጥር 21 ይህን ይዛ ከእስራኤል ቀጠለች። በዕብራይስጥ ራስ ሲያም «ኮኤቭ ሊ ሃሮሽ» ይባላል፤ ቃል በቃል «ያማል ለእኔ ራሱ»። ባለቤቱ ራስ ነው፣ ግን መጨረሻ ላይ ነው የቆመው። እንዴት አወቅሽ ካላችሁ፣ እጅ ሲያም «ኮኤቬት ሊ ሃያድ» ይሆናል። እጅ በዕብራይስጥ ሴት ናትና ግሡ ለእሷ ተለወጠ። በአማርኛ ግን «ራሴን አመመኝ፣ እጄን አመመኝ፣ እግሮቼን አመመኝ»። ግሡ ንቅንቅ አይልም። ራሱ ላይ «ን» አለች። እናቷ ገና በአማርኛ ነው የሚታመሙት፣ እሷ በዕብራይስጥ።

እንግዲህ «አመመኝ» ባለቤቱ ማን ነው? ከ22 እስከ 24 በዚህ ተከራከሩ። አንዱ የተደበቀ «ሕመም» አለ አለ። ሌላው፣ «ራበኝ» ላይ «ረሃብ ራበኝ» ስለማንል ያ አይሠራም አለው። ሦስተኛዋ እንግሊዝኛ «ዘነበ» ለማለት ማንንም የማያመለክት ባዶ ባለቤት («ኢት») ከፊት እንደሚያስቀምጥ አስታወሰች። ባለቤት ከሌለ የሚቆምለት ተወካይ ያስፈልጋል። አማርኛ ተወካዩን ግሡ ውስጥ ይዞታል። እሷም ከዚያው አትላስ ጠቀሰች፦ በዚህ ረገድ ከተጠኑት 711 ቋንቋዎች ውስጥ «እኔ፣ አንተ፣ እሱ» ዓይነቱን ቃል በባለቤት ቦታ ላይ የግድ የሚሉት 82 ብቻ ናቸው። 437ቱ እንደ እኛ ግሡ ላይ ይለጥፉታል። ብዙዎቻችን የምንማረው የውጭ ቋንቋ እንግሊዝኛ ስለሆነ የእሱ መንገድ የዓለም መንገድ ይመስለናል።

ቁጥር 25 የመጣው እኔን ለማረም ነው፣ ልክም ነው። የቋንቋ ተመራማሪው ኤድዋርድ ኪናን እ.ኤ.አ. በ1976 ባለቤት በአንድ ምልክት እንደማይታወቅ ጽፏል። ባለቤትነት የብዙ ጠባዮች ክምችት ነው፦ ግሥ ይስማማዋል፣ ከሌሎቹ ይቀድማል፣ የታወቀ ነገር መሆን ይወዳል፣ ሌላም ሌላም። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ስም ሁሉንም ይሰበስባል። አንዳንዴ ግን ይከፋፈላሉ። «አልማዝ ሁለት ወንድሞች አሏት» ላይ ወንድሞች የግሡን ስምምነት ወሰዱ፤ አልማዝ ደግሞ መቅደሙንና መታወቋን። ስለዚህ ቁጥር 2 ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፣ እኔም ሙሉ በሙሉ ልክ አይደለሁም። ኪናን ብዙ የሠራበት የማዳጋስካር ቋንቋ ማላጋሲ ደግሞ ባለቤቱን መጨረሻ ነው የሚያደርገው፦ «ያነባል መጽሐፍ ተማሪው» እንደማለት። ያ የመጨረሻው ስም የታወቀ መሆን አለበት፤ «አንድ ተማሪ» ብሎ እዚያ ማስቀመጥ አይቻልም።

ቁጥር 26 ይህን እንደ ድል ቆጥሮ ተቺዎቹ ሁሉ ቁጥር 2ን ይቅርታ እንዲጠይቁ አዘዘ። ማንም አልጠየቀም። ቁጥር 2 ራሱ እንኳ አልጠበቀም፤ ቁጥር 27 ላይ ተመልሶ ለስለስ ብሎ ጻፈ። ጃፓንኛ የሚማር ሰው ኖሯል! ጃፓኖች ወሬው ስለ ማን እንደሆነ አንድ ምልክት፣ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ሌላ ምልክት አላቸው። «ዝሆን ኩምቢው ረጅም ነው» የሚለውን ሲሉ ዝሆን ላይ «ዋ»፣ ኩምቢው ላይ «ጋ» ያደርጋሉ። ከዚያ ራሱ አየው፦ በአማርኛም «አልማዝ ልጇ ታመመ» እንላለን። አልማዝ ከፊት ናት፣ የታመመው ልጇ ነው። እሱ «ባለቤት» ሲል የኖረው «ዋ» የሚሉትን እንደሆነ ጻፈ። ይህን በአደባባይ ለማለት ልብ ይጠይቃል። አከበርኩት።

ቁጥር 28 የጽሑፍ አማርኛ አታሎናል አለ። አፋችን እንዲህ አይሄድም። «የት ሄደ ልጁ?» «ምን አለ አባትህ?» «ደረሰ ታክሲው!» ቸኩለን ስንናገር ግሡ ይቀድምና ባለቤቱ ይከተላል፣ ሰሚው ማን እንደሆነ ቀድሞ ካወቀ። ተረቱም «ላም አለኝ በሰማይ» ነው እንጂ «በሰማይ ላም አለኝ» አይልም። እዚያ ላይ ቁጥር 29 ተረቱን ራሱን ፈተሸው። ላም ባለቤት ከሆነች ለምን «አለችኝ» አልተባለም? «ወተቷንም አላይ» ሲል ግን ሴት አድርጓታል። ቁጥር 25 መለሰለት፦ ያልታወቀ ስም ሲሆን የ«አለ» ስምምነት ይላላል፤ ከስሙ ጋር ባይስማማም ያልፋል። ለዚህ ነው ሰው «ሁለት ወንድም አለኝ»ም የሚለው። ይህ ለእኔ ትንሽ ራስ ምታት ነው፤ የልጄ ማስረጃ «አሏት» ባይባል ኖሮ ይጠፋ ነበር ማለት ነውና።

ቁጥር 30 ሩቅ ወሰደን፣ ብራዚል። ዴዝሞንድ ደርቢሺር ሂሽካሪያና የሚባለውን የአማዞን ቋንቋ አጥንቶ፣ ተሳቢ፣ ግሥ፣ ባለቤት እንደሚል እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው ጽሑፍ አሳይቷል። «ሰው ያዘ ጃጓር» ሲባል የያዘው ጃጓሩ፣ ነብር መሰሉ አውሬ፣ ነው። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ቋንቋ የለም ይባል ነበር። የጥቂት ሰዎች ቋንቋ ነው፣ ግን አንድ ደንብ አፈረሰ። ቁጥር 31 ደግሞ መስማት ለተሳናቸው ልጆች አስተማሪ ናት። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሱዛን ጎልዲን-ሜዶውና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሙትን ጠቀሰች። እንግሊዝኛ፣ ቱርክኛ፣ ስፓኒሽኛና ቻይንኛ ተናጋሪዎች ሳይናገሩ በእጅ ብቻ አንድ ድርጊት እንዲገልጹ ሲጠየቁ፣ ሁሉም አድራጊውን፣ ተደራጊውን፣ ከዚያ ድርጊቱን አሳዩ። እንግሊዝኛ ተናጋሪው እንኳ በእጁ እንደ አማርኛ ተናገረ። ክፍሏ ውስጥም ይህን በየቀኑ ታየዋለች።

ቁጥር 32 ላይ አንድ ሰው ይህ ሁሉ ለአንድ ኤክስ ነው ወይ ብሎ በቁጣ ጻፈ። ልጆች ማንበብ ሳይችሉ እያለፉ እናንተ ስለ ብራዚል ታወራላችሁ አለ። ቁጣው ገብቶኛል። ግን ቁጥር 33፣ እሷም አስተማሪ ናት፣ የምመልሰውን ሁሉ መለሰችለት። አንድ ክፍል ውስጥ ከ60 በላይ ልጆች ይዛ ታስተምራለች። የመልስ ቁልፉ ከላይ ይመጣል፣ የምታርመው ማታ ነው፣ ደክሟት ነው። ልጅ ለምን ብሎ የሚከራከርበትን አንድ መልስ ማጥፋት ግን ለዓመት ዝም ያሰኘዋል ብላለች። ከሰኞ ጀምሮ «ባለቤቱን ቀይሩትና ግሡ ምን እንደሚሆን እዩ» እያለች ልትሞክር ነው።

እኔም ዓርብ ዕለት ወደ ልጄ መምህር ሄጄ ነበር። ደብተሩን አብረን አየን። «እህት አለቻት» የሚለውን በእርሳስ ጻፈችው። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ መልስ ቁልፉ «አልማዝ» ስለሚል ለሁለቱም ነጥብ እሰጣለሁ አለችኝ። ተስማማን።

ቁጥር 34፣ እስካሁን የመጨረሻው፣ የጠየቀው ይህን ነው፦ «ርቦኝ በላሁ» ላይ ባለቤቱ የት ነው? ሰውየው አንድ ነው። መጀመሪያ «ኝ» ሆኖ ተራበ፣ ቀጥሎ «ሁ» ሆኖ በላ። በአንድ ትንፋሽ ከተደራጊነት ወደ አድራጊነት ተሻገረ፤ «እኔ» የሚል ቃል ደግሞ የለም። ማታ እራት ላይ ለልጄ አነበብኩላትና ባለቤቱ ላይ አስምሪ አልኳት። እርሳሷን ይዛ ቆየች። «ርቦኝ»ን አለፈችው። ከዚያ «በላሁ» ላይ ደርሳ፣ ከመጨረሻዋ ፊደል ስር ብቻ አጭር መስመር አሰመረች።